የሜዳ አህያው የማን ነው? የአምስቱን ቤቶች እንቆቅልሽ ለመፍታት የትኛው ዘዴ ይሻላል?

«ላይፍ ኢንተርናሽናል» የተባለው መጽሔት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ዲሴምበር 17 ቀን 1962 ባወጣው እትሙ 15 አጫጭር ዓረፍተ ነገሮችን ለአንባቢዎቹ አቅርቦ ሁለት ነገር ብቻ ጠየቃቸው፤ ውሃ የሚጠጣው ማን ነው? የሜዳ አህያውስ የማን ነው? መልሱን ያተመው ከሦስት ወር በኋላ፣ ማርች 25 ቀን 1963 ነበር። ከዚያ ወዲህ ያው ጥያቄ፣ አንዳንዴ መጠጡና እንስሳው እየተለወጠ፣ ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ሲሻገር ኖሯል። በልጅነታችን «እንቆቅልሽ» ሲሉን «ምን አውቅልሽ» ብለን የምንቀበለው ዓይነት አይደለም። የዚያኛው መልስ በዘይቤ የተሸፈነ ስለሆነ ቀድሞ የሰማው ወይም ምስሉ ድንገት የተገለጠለት ሰው ይመልሰዋል። የዚህኛው መረጃ ግን በሙሉ ፊት ለፊት ተቀምጧል፤ ከፈቺው የሚጠበቀው የማይሆነውን አንድ በአንድ እያስወገደ የሚሆነውን ማስቀረት ነው።

የማስወገዱ ሥራ ግን በአንድ መንገድ ብቻ አይከናወንም። መስቀለኛ ሠንጠረዥ የሚያዘጋጁ አሉ፤ ቤቶቹን በተርታ ስለው በየሥራቸው የሚጽፉ አሉ፤ አንድ ግምት ይዘው እስከሚጋጭ ድረስ የሚጓዙ አሉ፤ ሥራውን ለኮምፒውተር የሚሰጡም አሉ። እነዚህን አራት ዘዴዎች በዚሁ በአንዱ እንቆቅልሽ ላይ እየፈተንኩ አነጻጽራቸዋለሁ። ሚዛኔም አንድ ነው፤ «ይህ አይሆንም» የሚለውን ግኝት እንደተገኘ ወዲያው የሚያሰፍሩበት ቦታ የሚሰጥ ዘዴ ከማይሰጠው ይበልጣል። በዚህ እንቆቅልሽ መንገድ ላይ የቀሩ ሰዎችን ወረቀት ስመለከት ብዙውን ጊዜ የማገኘው ስሕተት ያለበት ሐሳብ አይደለም፤ በትክክል ታስቦ ሳይጻፍ የጠፋ «አይሆንም» ነው።

ፍንጮቹ ሦስት ወገን ናቸው

ዘዴ ከመምረጥ በፊት ፍንጮቹን በዓይነት መለየት ያስፈልጋል፤ የዘዴው ተገቢነት የሚወሰነው በእነሱ ነውና። አምስት ቤቶች በአንድ ተርታ ቆመዋል። የየቤቱ ቀለም፣ የነዋሪው አገር፣ እንስሳው፣ መጠጡና የሚያጨሰው የአሜሪካ ሲጋራ ሁሉም የተለያየ ነው። መጽሔቱ ይህን «የተለያየ» የሚለውን ነገር በግልጽ ማስፈሩ ትልቅ ዋጋ አለው፤ ሁለት ሰዎች ቡና መጠጣት ቢችሉ ኖሮ የአንዱ ቡና ጠጪነት ስለ ሌላው ምንም ባልነገረን፣ የምናስወግደውም ባልኖረን ነበር። «በስተቀኝ» ሲባል በተመልካቹ ቀኝ ማለት እንደሆነም መጽሔቱ ለይቶ ተናግሯል።

ስምንቱ ፍንጮች ሁለት ነገሮችን ያጣምራሉ። እንግሊዛዊው በቀዩ ቤት ይኖራል፤ ስፔናዊው ውሻ አለው፤ በአረንጓዴው ቤት ቡና ይጠጣል፤ ዩክሬናዊው ሻይ ይጠጣል፤ ኦልድ ጎልድ የሚያጨሰው ሰው ቀንድ አውጣዎች አሉት፤ በቢጫው ቤት ኩልስ ይጨሳል፤ ላኪ ስትራይክ የሚያጨሰው የብርቱካን ጭማቂ ይጠጣል፤ ጃፓናዊው ፓርላመንት ያጨሳል። ሁለቱ ፍንጮች ቦታ ይጠቁማሉ፤ በመካከለኛው ቤት ወተት ይጠጣል፣ ኖርዌያዊውም በመጀመሪያው ቤት ይኖራል። የቀሩት አራቱ ጉርብትናን ይናገራሉ። አረንጓዴው ቤት ቀለሙ የዝሆን ጥርስ ከሚመስለው ቤት (ከዚህ በኋላ ነጩ ቤት እለዋለሁ) ቀጥሎ በስተቀኝ ይገኛል፤ ቼስተርፊልድ የሚያጨሰው ሰው ቀበሮ ካለው ሰው ጎን ይኖራል፤ ኩልስ የሚጨስበት ቤት ፈረስ ካለበት ቤት ጎን ነው፤ የኖርዌያዊው ቤት ከሰማያዊው ቤት ጎን ነው። አሥራ አምስተኛው ዓረፍተ ነገር የቤቶቹን ቁጥር የሚገልጸው ነው። ውሃና የሜዳ አህያ ከጥያቄው በቀር የትም አልተነሡም፤ ሁለቱም የሚገኙት ሌላው ሁሉ ከተወገደ በኋላ በሚቀረው ባዶ ቦታ ነው።

እግረ መንገዴን፣ ይህን እንቆቅልሽ አልበርት አንስታይን በልጅነቱ ደርሶታል የሚለው ወሬ፣ ወይም የእንግሊዛዊው ደራሲ የሉዊስ ካሮል ነው የሚለው፣ በራሱ በማስወገድ ዘዴ ሊፈተን ይችላል። ኩልስ የተባለው ሲጋራ ለገበያ የቀረበው በ1933 ነው። ካሮል የሞተው በ1898 ሲሆን አንስታይን ደግሞ የተወለደው በ1879 ስለሆነ በ1933 ከሃምሳ ዓመት አልፎት ነበር። ስለዚህ በዚህ መልኩ የተጻፈው እንቆቅልሽ የካሮል ሊሆን አይችልም፤ የልጁ አንስታይንም አይደለም።

መስቀለኛ ሠንጠረዥ

በአመክንዮ እንቆቅልሽ መጻሕፍት ዘንድ ከሁሉ የተለመደው ይህ ነው። እያንዳንዱ ዓይነት ነገር ከእያንዳንዱ ሌላ ዓይነት ጋር የሚገናኝበት አምስት በአምስት የሆነ ሠንጠረዥ ይሠራል፤ ሁለት ነገሮች አብረው መሆናቸው ሲረጋገጥ በሚገናኙበት ሣጥን የ«አዎ» ምልክት፣ አለመሆናቸው ሲታወቅ የኤክስ ምልክት ይደረጋል። አንድ «አዎ» በገባ ቁጥር በዚያው ረድፍ አራት፣ በዚያው ዓምድ አራት፣ በጠቅላላው ስምንት «አይሆንም» በራሳቸው ይሞላሉ።

ጥንካሬው ቦታ ሳይታወቅ የሚደረስባቸውን እውነቶች መያዙ ነው። ስፔናዊው ውሻ አለው፤ ኦልድ ጎልድ አጫሹ ያሉት ቀንድ አውጣዎች ናቸው፤ ስለዚህ ስፔናዊው ኦልድ ጎልድ አያጨስም። ይህን ለማወቅ ስፔናዊው ሁለተኛ ቤት ይኑር አራተኛ ማወቅ አያስፈልግም፤ መስቀለኛው ሠንጠረዥም ወዲያው ኤክስ የሚደረግበት ሣጥን አለው። ይህ ትንሽ ኤክስ ኋላ ላይ መላውን እንቆቅልሽ የሚከፍተው ቁልፍ እንደሆነ እንመለከታለን።

ድካሙ ደግሞ ሁለት ነው። ቀለም፣ አገር፣ እንስሳ፣ መጠጥ፣ ሲጋራና የቤቱ ተራ ስድስት ዓይነቶች ስለሆኑ በጥንድ ሲገናኙ 15 ሠንጠረዦች፣ በድምሩ 375 ሣጥኖች ይሆናሉ። ይህን በእጅ አስምሮ፣ በአንዱ ጥግ የተገኘውን ወደ ሌላው ማሸጋገር ረጅም ሥራ ነው፤ ከማሸጋገሩ አንዱ ቢዘለል ደግሞ የት እንደተዘለለ ማግኘት ያስቸግራል። ከዚህም የሚብሰው አራቱ የጉርብትና ፍንጮች በ«አዎ»ም በኤክስም የማይጻፉ መሆናቸው ነው። «ከቀበሮው ጎን» የሚለው ፍንጭ ቼስተርፊልድና ቀበሮ አንድ ቤት እንዳልሆኑ ብቻ ያስመዘግባል፤ ጎረቤትነቱ ራሱ ከሠንጠረዡ ውጭ ይቀርና ፈቺው በቃሉ ይዞት ይዞራል።

ስለዚህ እንቆቅልሹ ተርታና ጉርብትና የሌለበት ከሆነ፣ ለምሳሌ አራት ሰዎችን ከአራት ሙያና ከአራት ከተማ ጋር አዛምዱ የሚል ከሆነ፣ 48 ሣጥኖች ብቻ ስለሚበቁ ሌላ ዘዴ መፈለግ አያስፈልግም። ለአምስቱ ቤቶች ግን ይህን እንደ ዋና ዘዴ አልመክርም።

የቤቶቹ ተርታ

በዚህ ዘዴ አምስት ዓምዶች ከግራ ወደ ቀኝ ይሠመራሉ፤ በየዓምዱ ሥር ቀለም፣ አገር፣ መጠጥ፣ ሲጋራና እንስሳ የሚጻፍባቸው አምስት ሣጥኖች ይኖራሉ። ሣጥኖቹ 25 ብቻ ናቸው። በየሣጥኑ ሊሆኑ የሚችሉት አምስቱም አማራጮች በምሕጻር በእርሳስ ይጻፉና የማይሆነው እየተሰረዘ ይሄዳል። ሱዶኩ የለመደ ሰው አሠራሩን ወዲያው ያውቀዋል። ትልቁ ጥቅሙ ጉርብትና በዓይን የሚታይ መሆኑ ነው፤ «ጎን» የሚለው ቃል በወረቀቱ ላይም ጎን ነው።

እንሞክረው። ኖርዌያዊው በመጀመሪያው ቤት ስለሆነ አንድ ጎረቤት ብቻ አለው፤ ስለዚህ ሰማያዊው ሁለተኛው ቤት ነው። ወተቱ በሦስተኛው ይጻፋል። የመጀመሪያው ቤት ቀለም ምንድን ነው? ሰማያዊ አይደለም፤ ቀዩ የእንግሊዛዊው ስለሆነ ቀይም አይደለም። አረንጓዴ እንዳይሆን በግራው ነጭ ቤት ሊኖር ነው፤ ነጭ እንዳይሆን ደግሞ በቀኙ ያለው ሰማያዊ እንጂ አረንጓዴ አይደለም። ቢጫ ብቻ ቀረ። ቢጫ ከሆነ ኩልስ የሚጨሰው እዚያ ነው፤ ፈረሱም ብቸኛ ጎረቤቱ በሆነው በሁለተኛው ቤት ነው።

አሁን የኖርዌያዊውን መጠጥ እንመልከት። ወተቱ በሦስተኛው ቤት ነው፤ ቡናው በአረንጓዴው፤ ሻዩ የዩክሬናዊው፤ ጭማቂው የላኪ ስትራይክ አጫሹ፣ ኖርዌያዊው ግን ኩልስ አጫሽ ነው። አራቱም ተወገዱ። ውሃ የሚጠጣው ኖርዌያዊው ነው። አረንጓዴው ቤት አራተኛ ይሁን አምስተኛ ገና ሳናውቅ የመጀመሪያው ጥያቄ ተመለሰ፤ የማስወገድ ዘዴ ውበቱ እዚህ ላይ ይታየኛል፣ ሁሉን ሳያውቁ አንዱን በእርግጠኝነት ማወቅ ይቻላልና።

ወደ ሁለተኛው ቤት እንሻገር። እዚያ የሚጠጣው ሻይ ወይም ጭማቂ ነው፤ ውሃና ወተት ቦታቸውን ይዘዋል፣ ቡናውም የሰማያዊው ቤት አይደለም። ጭማቂ ቢሆን ነዋሪው ላኪ ስትራይክ አጫሽ ይሆናል። ታዲያ ማን ሊሆን ነው? ኖርዌያዊው በመጀመሪያው ቤት ነው፤ እንግሊዛዊው በቀዩ ነው፤ ስፔናዊው ያለው ውሻ ነው፣ እዚህ ግን ፈረስ አለ፤ ዩክሬናዊው ሻይ ይጠጣል፤ ጃፓናዊው ፓርላመንት ያጨሳል። የሚገባበት ሰው ጠፋ። ስለዚህ ሁለተኛው ቤት የዩክሬናዊው ነው፤ መጠጡም ሻይ ነው። ሲጋራው ኩልስ አይደለም፤ ፈረስ ስላለው ኦልድ ጎልድ አይደለም፤ ጭማቂ ስለማይጠጣ ላኪ ስትራይክ አይደለም፤ ፓርላመንትም የጃፓናዊው ነው። ቼስተርፊልድ ሆነ፤ ቀበሮውም በአንደኛው ወይም በሦስተኛው ቤት ነው።

እዚህ ላይ ተርታው ብቻውን ሲሠራ የነበረ ሰው ይቆማል። በሦስቱ ቀሪ ቤቶች ሦስት ሰዎች አሉ፤ ግን የትኛው የት እንደሆነ የሚናገር ፍንጭ አይታየውም፤ ብዙዎች ወደ ግምት የሚሸሹትም እዚሁ ደረጃ ላይ ነው። ከመስቀለኛው ሠንጠረዥ የተዋስነው ኤክስ አሁን ይጠቅማል። የቀሩት ሲጋራዎች ኦልድ ጎልድ፣ ላኪ ስትራይክና ፓርላመንት ናቸው። ፓርላመንት የጃፓናዊው ነው፤ ስፔናዊው ኦልድ ጎልድ አያጨስም፤ ስለዚህ ላኪ ስትራይክ ያጨሳል፤ ጭማቂም ይጠጣል። ለእንግሊዛዊው ኦልድ ጎልድና ቀንድ አውጣዎቹ ቀሩለት። ወተትና ቡና ለእንግሊዛዊውና ለጃፓናዊው ቀርተዋል፤ የእንግሊዛዊው ቤት ቀይ እንጂ አረንጓዴ ስላልሆነ ቡና አይጠጣም፤ ወተት ጠጪው እሱ ነው፤ ቤቱም መካከለኛው ነው። ቀዩ ሦስተኛ ከሆነ ነጩ አራተኛ፣ አረንጓዴው አምስተኛ ነው። ቡና የሚጠጣው ጃፓናዊ አምስተኛው ቤት ገባ፤ ስፔናዊው አራተኛው ቤት ቀረ። ሦስተኛው ቤት ቀንድ አውጣዎች ስላሉበት ቀበሮው የኖርዌያዊው ነው። እንስሳው ያልታወቀ አንድ ቤት ብቻ አለ፤ የሜዳ አህያው የጃፓናዊው ነው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድም የዕድል ግምት አልገባም። ስለዚህ ለዚህ እንቆቅልሽ የምመክረው የቤቶቹን ተርታ ነው፤ ግን በወረቀቱ ኅዳግ ላይ «የማይገናኙ ጥንዶች» የሚል አጭር ዝርዝር አብሮት ይሁን። ስፔናዊውና ኦልድ ጎልድ፣ ዩክሬናዊውና ላኪ ስትራይክ፣ ጃፓናዊውና ጭማቂ፣ እንግሊዛዊውና ቡና የሚሉት አራት መስመሮች ብቻ 375 ሣጥኖችን ከማስመር ያድናሉ። አራቱም ከስምንቱ የማጣመሪያ ፍንጮች በቀጥታ ይወጣሉና ገና ከመጀመሪያው፣ ቤት ሳይነካ፣ ሊጻፉ ይችላሉ።

ግምት ይዞ እስከ ተቃርኖ መሄድ

ከተርታው ዘዴ መካከል የተቋረጠ ሰው ነጩና አረንጓዴው ሦስተኛና አራተኛ፣ ወይም አራተኛና አምስተኛ ከመሆን እንደማያልፉ ያውቃል። የመጀመሪያውን እንያዝ ይላል። እንግዲህ ቀዩ አምስተኛ ይሆናል፤ እንግሊዛዊውም እዚያ ይገባል። ቡናው በአራተኛው ቤት ስለሚሆን ለእንግሊዛዊው ጭማቂ ብቻ ይቀርለታል፤ ሻይ የዩክሬናዊው ነውና። ጭማቂ ከጠጣ ላኪ ስትራይክ ያጨሳል። በሁለተኛው ቤት ሻይ ስለሚቀር ዩክሬናዊው እዚያ ነው፤ ስፔናዊውና ጃፓናዊው ሦስተኛና አራተኛውን ይካፈላሉ። ፓርላመንት የጃፓናዊው ሲሆን ስፔናዊው ኦልድ ጎልድ ስለማያጨስ ቼስተርፊልድ ይወስዳል፤ ኦልድ ጎልድ ለዩክሬናዊው ይተርፋል። ያን ጊዜ ፈረስ ባለበት ቤት ቀንድ አውጣዎች ሊገቡ ነው፤ ይህ አይሆንም። ስለዚህ ሁለተኛው አማራጭ እውነት ነው።

ይህ መንገድ ትክክለኛ ነው፤ ወዲያው የሚጋጭ ግምት ሲሆን ደግሞ ፈጣን ነው። ነብር፣ ፍየልና ቅጠል ይዞ ወንዝ የሚሻገረውን ሰው ጥያቄ በልጅነታችን ያለ ወረቀት የፈታነው በዚህ ነበር። ነብሩን ቀድሞ ቢወስድ ፍየሏ ቅጠሉን ትበላለች፤ ቅጠሉን ቢወስድ ነብሩ ፍየሏን ይበላል፤ ስለዚህ መጀመሪያ የምትሻገረው ፍየሏ ናት። እዚያ ተቃርኖው በአንድ እርምጃ ይታያል። በአምስቱ ቤቶች ግን ተቃርኖው የመጣው ከብዙ እርምጃ በኋላ ነው፤ በመካከሉ የተጻፈው ሁሉ መሰረዝ ይኖርበታል። በግምት ሥር የተጻፈውን ከተረጋገጠው ሳይለዩ በአንድ ቀለም የሚጽፉ ሰዎች ግምቱ ሲወድቅ የትኛውን እንደሚያጠፉና የትኛውን እንደሚያቆዩ አያውቁም። ስለዚህ ይህን ዘዴ የሚመርጥ ሰው አማራጮቹ ሁለት ብቻ የሆኑበትን ቦታ ይምረጥ፤ ከመነሣቱ በፊት የሠንጠረዡን ግልባጭ በሌላ ወረቀት ያኑር፤ በግምቱ ውስጥ ሌላ ግምት አያስገባ።

ለኮምፒውተር መስጠት

አምስቱ ዓይነቶች በአምስቱ ቤቶች የሚደረደሩባቸው መንገዶች ብዛት 24,883,200,000 ነው። በሰከንድ አንድ ሚሊዮን ድርድር የሚፈትሽ ፕሮግራም ሁሉንም ለማየት ሰባት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። በአግባቡ የተጻፈ ፕሮግራም ግን እንደ ሰው ቀድሞ ያስወግዳል። ቀለሞቹ ብቻ 120 ድርድር አላቸው፤ «አረንጓዴው ከነጩ ቀጥሎ በስተቀኝ» የሚለው ወደ 24 ያወርዳቸዋል፤ «ሰማያዊው ሁለተኛ» የሚለው ወደ 4፤ «በመጀመሪያው ቤት ያለው እንግሊዛዊ አይደለም» የሚለው ወደ 2። መጠጡንና ሲጋራውን መደርደር የሚጀምረው በእነዚህ ሁለት ላይ ብቻ ስለሆነ ሥራው ከሰከንድ በታች ያልቃል። ፕሮሎግ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ለዚህ ዓይነት ሥራ የተመቸ ነው፤ በፓይተንም ያለ ብዙ ችግር ይጻፋል።

መፍታትን ለመማር ለሚፈልግ ሰው ይህን አልመርጥለትም፤ መልሱን እንጂ መንገዱን አያሳየውምና። የራሱን እንቆቅልሽ ለሚያዘጋጅ መምህር ግን ከአራቱ ዋነኛው ይህ ነው። መምህሩ ሊያውቀው የሚገባው የፍንጮቹ መልስ አንድ ብቻ መሆኑን ነው፤ አንድ ፍንጭ ቢቀንስ ሁለተኛ መልስ ይፈጠር እንደሆነ በእጅ መፈተሽ ብዙ ሰዓት ይወስዳል፤ ፕሮግራሙ ግን አንድ መስመር ሰርዞ እንደገና በማስኬድ ወዲያው ይናገራል።

በየትኛውም ዘዴ መልስ ላይ የደረሰ ሰው ሠንጠረዡን ይዞ 14ቱን ፍንጮች እንደገና አንድ በአንድ ያንብብ፤ አንዱ እንኳ ከተጋጨ መልሱ ስሕተት ነው። ሁሉም ከተስማሙ መልሱ ትክክል መሆኑ ተረጋግጧል፤ ብቸኛ መሆኑ ግን ገና አልተረጋገጠም። በማስወገድ ብቻ የሄደ ሰው እያንዳንዱን የሰረዘው በምክንያት ስለሆነ ብቸኛነቱን በእጁ ይዟል። በግምት የሄደው ግን ዕድል ቀንቶት ነጩን አራተኛ፣ አረንጓዴውን አምስተኛ አድርጎ ቢጀምርና ሁሉም ቢገጥምለት፣ ተመልሶ ሌላኛውን አማራጭ እስከ ፈረሱና እስከ ቀንድ አውጣዎቹ ግጭት ድረስ ካልተከተለው፣ የሜዳ አህያው የጃፓናዊው ሊሆን እንደሚችል እንጂ ከጃፓናዊው ሌላ የማንም ሊሆን እንደማይችል አላሳየም።